ጠያቂ አያሳጣ

ከአዘዞ ወደ ጎንደር ፒያሳ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልም። መጽሐፍ የገለጠም፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካም አይድንም። ከጎን የተቀመጡት እናት ጭናቸው ላይ ያስቀመጡትን ፌስታል አስተካክለው፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ ያደርጉና «ደህና ዋልክ ልጄ?» ይላሉ። መልሱ ሳይደርስ «ከወዴት ነው?» ይከተላል። እንግዳው «ከአዲስ አበባ» ቢል አያረካቸውም። በእሳቸው ሂሳብ ሰው አዲስ አበባ ይኖራል እንጂ የአዲስ አበባ ሰው የሚባል ፍጡር የለም። «እሱስ ይሁን፤ አገርህ?» አባቱ የወገራ ሰው መሆናቸውን ካመነ ደግሞ ነገር ተጀመረ። ከወገራ የት? አምባ ጊዮርጊስ። የማን ልጅ? አግብተሃል? ምነው? ሥራህስ? ይበቃሃል? የፋሲል ግንብ ጫፍ ብቅ ሳይል ሚኒባሱ በሙሉ የእንግዳውን ዕድሜ፣ ወንደላጤነቱንና የጨጓራ ሕመሙን አውቋል። ረዳቱም ከበሩ ላይ ዞር ብሎ ለጨጓራ ተልባ እንደሚሻል ሐሳቡን ሰጥቷል።

እንግዳው በልቡ «ምን አገባቸው?» ማለቱ አይቀርም። ፍርዱ ግን የቸኮለ ነው። በአማርኛ «ጠየቀ» የሚለው ግስ ሁለት ደመወዝ የሚገባው ሠራተኛ ነው። መልስ የፈለገ ሰው ይጠይቃል፤ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ሆስፒታል የሚሄድም ይጠይቃል። እስረኛ ይጠየቃል፣ አራስ ትጠየቃለች፣ ሐዘንተኛ ይጠየቃል። አራስ ጥየቃ የሄደ ሰው ገንፎውን በልቶ፣ ሕፃኑ አባቱን መምሰሉን መስክሮ ይመለሳል እንጂ አንዲት ጥያቄ ላያነሳ ይችላል። «ጠያቂ አያሳጣህ» ብሎ የሚመርቅ ሽማግሌም ፈላስፋ ይላክብህ ማለቱ አይደለም፤ ደጅህን የሚረግጥ ሰው አይጥፋ ማለቱ ነው። «ጠያቂ የለውም» የተባለ ሰው ምን ያህል እንደተጣለ ደግሞ ማንም ያውቃል። እንግዲህ እናትዮዋ እንግዳውን አልመረመሩትም፤ ቤቱ ስለራቃቸው እዚያው ወንበሩ ላይ ጠየቁት።

ይህን የተጠራጠረ ወደ ደጋው ወጥቶ ሰላምታ ያዳምጥ። ደባርቅ ላይ ከገበያ የሚመለሱ ሁለት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ይገናኛሉ። «እንዴት ከረሙ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ቤተሰቡ?» «ይመስገን።» «ልጆች ደህና ናቸው?» «ይመስገን።» «ከብቱስ?» «ይመስገን።» «ገብሱ እንዴት ሰጠ?» «ይመስገን፣ ይመስገን።» ተራው ይዞርና ጥያቄው በሙሉ ከወዲያ ወዲህ ይመለሳል። ከአጠገባቸው የቆመ ሰው እነዚህ ሁለቱ ከአዳም ልጆች ሁሉ የተመቻቸው ናቸው ብሎ ይቀናል። ሰላምታው አልቆ ድንጋይ ላይ ቁጭ ሲሉ ነው እውነቱ የሚመጣው። አንዱ በሬ ሞቷል፤ ገብሱን ውርጭ መትቶታል፤ ትልቁ ልጅ አገር ጥሎ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። «ይመስገን» ውሸት አልነበረም። የመጣውን መጀመሪያ ይቀበሉታል፣ ቀጥሎ ይጠያየቁበታል፤ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሰው መጀመሪያ አማርሮ፣ በመጨረሻ «ምን ይደረጋል» ብሎ ይቀበላል። ከሁለቱ የትኛው ደም ግፊት እንደሚቀንስ ሐኪም ቢያጠናው ጥሩ ነበር።

የጠያቂና የተቀባይ ትልቁ ክርክር ግን የተደረገው ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቁስቋም ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ጀምስ ብሩስ የሚባል ቁመተ ረጅም ስኮትላንዳዊ ጎንደር ገባ። የአገሩ ሰው «ያዕቆብ» አለው። ከተማዋን ፈንጣጣ ይዟት ነበር፤ የእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ቤተ መንግሥት ሕፃናትም ታመዋል። ብሩስ ተዘግቶ የኖረውን በርና መስኮት አስከፈተ፣ በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ ቤቱን በለብ ያለ ውሃና በኮምጣጤ አሳጠበ። ከታመሙት መካከል የዳኑ ነበሩና ባለሟል ሆነ። የባለሟልነት ችግሩ አንድ ቀን «ለመሆኑ ምን ፈልገህ መጣህ?» ተብሎ መጠየቁ ነው። የዓባይን ምንጭ ለማየት ነው የመጣሁት አለ።

እቴጌይቱ ነገሩ አልገባቸውም። ብሩስ ከሃያ ዓመት በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ እንደጻፈው፣ ሰው ከኢየሩሳሌም ተነስቶ፣ ክፉ ገዥና ክፉ በረሃ አቋርጦ፣ አንድ ወንዝና አንድ ረግረግ ሊያይ መምጣቱ ገረማቸው። ዓባይ ቢያምር እንኳ ተሸክሞት አይሄድም። በአገሩ ደግሞ ከዚህ የሰፋና የጠራ ውሃ ሞልቶለታል። ተው ሲሉት ይቀየማል! እርሳቸው የነገሥታት እናት ሆነው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዙፋን ኖረው፣ ሌት ተቀን የሚመኙት አንድ ነገር ነው፤ ሁሉን ትተው ኢየሩሳሌም ደርሰው፣ ለምነው እየበሉ ኖረው፣ ከጌታ መቃብር በር ፊት ለፊት መንገድ ላይ መቀበር። እርሱ የእርሳቸውን ሕልም አገር ረግጦ፣ ለረግረግ ብሎ ጥሎት መጣ።

ንግግሩን የጻፈው ብሩስ ነውና ትንሽ ሳያሳምረው አልቀረም። ቢሆንም እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር ከምንትዋብ የተሻለ ሰው አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1730 ዘውድ ጭነዋል፤ በ1755 ልጃቸውን ዳግማዊ ኢያሱን ቀብረዋል፤ ብሩስ ከመግባቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ተገድሏል። እንዲህ ያየ ሰው ስለ ወንዝ መነሻ ቢጨነቅ ነበር የሚያስገርመው።

ታሪኩን የሚያነብ ሰው ወዲያው ተቀባዪቱ ምንትዋብ፣ ጠያቂው ብሩስ ብሎ ያስቀምጣቸዋል። ጥቂት ካሰበ ግን ይደናገረዋል። እቴጌይቱም ሩቅ አገር ያለ አንድ ቦታ በዓይናቸው ሊያዩ ነው የተመኙት፤ ከዚያም ቢሆን ተሸክመው የሚመለሱት የለም። ይልቅ የተለዩት በአንድ ነገር ነው፤ እርሳቸው ካዩ በኋላ ሊቀሩ ይፈልጋሉ፣ ብሩስ ካየ በኋላ ሊያወራ።

በነገራችን ላይ ልጆች እንቆቅልሽ ሲጫወቱ «ምን አውቅልህ» ያለው ልጅ መልሱን ካጣው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ያላወቀ አገሩን ያስረክባል ማለት ነው። ጎንደር ከፋሲል ወዲህ በጠላት የተያዘችው ጥቂት ጊዜ ሲሆን በእንቆቅልሽ የተሰጠችው ግን በየምሽቱ ነው፤ የተቀበላትም ልጅ ጎንደር ገብቶ ያልበላውና ያልጠጣው የለም። የብሩስም እንቆቅልሽ በዚሁ ሥርዓት ተፈጸመ። ምንጩን አጥብቆ ቢጠይቅ፣ እርሱ እንደሚለው፣ ግሽ የምትባለው መንደር ከነምንጯ ለእርሱና ለዘሩ ርስት ትሁን ተባለለት። አገር ተሰጠው!

እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሰ። በኮኮናት ቅል ውሃ ቀድቶ ለንጉሡ ለሦስተኛው ጆርጅ ጤና ጠጣ። ከዚያ ምን ሆነ? ከፋው። ዕድሜ ልኩን ያሰበውን አግኝቶ፣ ከረግረጉ አጠገብ ቆሞ፣ ልቡ ውርድ ማለቱን ራሱ ጽፏል። ምንትዋብ ቢያዩት «አላልኩህም?» ሳይሉት አይቀሩም ነበር።

ደግሞም የመጀመሪያው አልነበረም። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ካህን እ.ኤ.አ. በ1618 እዚያው ቆሞ አይቶ ጽፎታል፤ 152 ዓመት ቀድሞ። ብሩስ ይህን ሲሰማ ምን አደረገ? አልተቀበለም። ዓለሙን ሁሉ ሲጠይቅ የኖረ ሰው፣ መልሱን ሌላ ሰው ቀድሞ ማግኘቱ ሲነገረው «ውሸት ነው» አለ። ጠያቂነት የሚፈተነው እዚህ ላይ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ጥያቄ የሚወደው መልሱ በእጁ እስከገባ ድረስ ነው። ቅጣቱም ለንደን ላይ ጠበቀው። ስለ ጥሬ ሥጋ ያወራውን የከተማው ሊቃውንት እንደ ተረት ሳቁበት። አንዱን እንኳ ቁርጥ ቤት የሚወስደው አልተገኘም። የጎንደርን ጦርነትና የኑብያን በረሃ አልፎ የወጣው ይህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1794 አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ።

ምንትዋብ ኢየሩሳሌምን አላዩም። ቁስቋም ላይ፣ የቤተ መንግሥታቸው ፍራሽ አጠገብ፣ የእርሳቸው፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አፅም ነው የተባለው በመስታወት ክዳን ሣጥን ውስጥ ይታያል። ከሩቅ አገር የመጣ ቱሪስት ሙቀትና ዳገት አቋርጦ፣ አጎንብሶ አይቷቸው ይመለሳል። ምንም ይዞ አይሄድም። እቴጌይቱ ዛሬም ጠያቂ አላጡም።

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ አውቶቡስ እንፍራዝን ሲያልፍ ተሳፋሪው አብዛኛው እንቅልፍ ላይ ነው። እዚህች ከተማ ግን ከሁሉ የባሰ ጠያቂ ኖሮባታል ይባላል። ሐተታ የሚባለው የግዕዝ መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ አክሱም አካባቢ የተወለደው ዘርዓ ያዕቆብ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ሸሽቶ ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ ከረመ። ብቻውን ሲቀመጥ፣ ሁሉም የእኔ ሃይማኖት ነው ልክ ካለ ፈራጁ ማን ሊሆን ነው ብሎ ጠየቀ። ጾሙን፣ ምንኩስናውን፣ ባርነቱን፣ አንዱንም ሳያስቀር ጠየቀ። በኋላ እንፍራዝ መጥቶ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ጽሕፈትና ማስተማር ይዞ፣ የቤቱን አገልጋይ ሒሩትን አገባ። ጌታዋ ገረድህ ትሁን ቢለው፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸውና ሚስቴ እንጂ ገረዴ አይደለችም አለ። እንዲህ ያለ ነገር በ17ኛው ምዕተ ዓመት! ዛሬም ቢሆን በአንዳንድ ቤት ወጥ ሳይደርስ ማንሳት አይመከርም።

የሚያስቀው ቀጥሎ ያለው ነው። የሐተታው ብራና የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ በጣሊያናዊው መነኩሴ በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ እጅ ነው፤ እርሱም ለፈረንሳዊው ተመራማሪ ለአንትዋን ዳባዲ ላከው። እ.ኤ.አ. በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ የሚባል ሊቅ ተነስቶ፣ ዘርዓ ያዕቆብ የሚባል ሰው አልነበረም፣ መጽሐፉን የጻፈው መነኩሴው ራሱ ነው አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ የለም፣ ሰውየው ነበረ ብለው ዓመታት ደከሙበት። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ሁሉን የጠየቀው ሰው በመጨረሻ ራሱ ጥያቄ ሆኖ አረፈ። እንፍራዝ ላይ ግን ነገሩ የተዘጋ ይመስላል፤ የአገሩ ሰው የእኛ ነው ካለ ማንም ፓሪስ ሄዶ ብራና አያገላብጥም።

የቤተ ክህነቱም ሰው ቢሆን ዝም ብሎ የሚቀበል ይመስላል እንጂ እንደ እርሱ ጠያቂ የለም። የጎንደር ጉባኤ ቤቶች መጻሕፍትን የሚተረጉሙበት መንገድ አንድምታ ይባላል። መምህሩ ግዕዙን አስነብበው በአማርኛ ይፈቱታል፤ ተማሪው ገባኝ ብሎ ሊያርፍ ሲል «አንድም» ይላሉ፣ ሌላ ፍች ይመጣል። «አንድም» ይላሉ፣ ሦስተኛ። ቁራሽ በአኮፋዳው ይዞ ከመንደር የተመለሰ የቆሎ ተማሪ የትኛው ነው ልኩ ብሎ ቢጠይቅ፣ ሁሉም ነው። ይህም አልበቃ ብሎ የጎንደር ሊቃውንት ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው በፍቺ ተለያይተዋል። አንድ ከተማ ውስጥ ዳገቱ ላይ ያለውና ቁልቁለቱ ላይ ያለው አንዱን መጽሐፍ ለየብቻ ይተረጉሙታል። አንድ መልስ ብቻ ያለው ጥያቄ ለጎንደር ሊቅ እንደ ባዶ መሶብ ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደግሞ ለአንገት አይራራም። የገባ ሁሉ ቀና ይላል፤ ጣሪያው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ቁልቁል ያዩታል። ቀጥሎ ያለው የሰው ልጅ ጠባይ ነው፤ ይቆጥራል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ ይስታል፣ እንደገና ይጀምራል፣ ማጅራቱን ያሻል። መጻሕፍቱም አልተስማሙም፤ አንዱ 80 ሲል ሌላው ከ100 ያሳልፈዋል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ከተማዋን ሲያቃጥል ይህች ቤተ ክርስቲያን ተርፋለች። ያተረፋት የንብ መንጋ ነው ይላል የአገሩ ሰው። ንቦቹን ግን ማንም ስንት ነበሩ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። የሚቆጠረውንና የማይቆጠረውን እንዲህ ለይቶ ማወቅ እንደ ቀላል መታየት የለበትም።

ከደባርቅ ወደ ስሜን ሲወጣ ደግሞ ትምህርት ቤት የተቀበሉት ነገር ይፈርሳል። ስንቱ ተማሪ የራስ ዳሽን ከፍታ 4,620 ሜትር ነው ብሎ ጽፎ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። አዲሱ ልኬት 4,533፣ አንዳንዱም 4,550 ሜትር ይላል። ነጥቡን መልሱ ያለ የለም። ስሙም ቢሆን ራስ ዳሽን ነው ራስ ደጀን በሚል ያጨቃጭቃል። እ.ኤ.አ. በ1841 ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፉ ላይ ወጡ ተብሎ ተጽፏል፤ ስሜን ላይ ከብት የጠፋበት ሰው የት የት እንደሚወጣ ያልጠየቀ ሰው የጻፈው ነው።

ጀርመናዊው ተጓዥ ሩፔል የተሻለ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ይህን አገር ዞሮ፣ ሣር የሚግጠውንና ደረቱ ላይ ቀይ መልክ ያለውን ዝንጀሮ አይቶ የአገሩን ሰው ስሙን ጠየቀ። ጭላዳ አሉት። የፍየሉንም ጠየቀ፣ ዋልያ አሉት። የዓለም ሳይንስ ዛሬም በእነዚሁ ስሞች ይጠራቸዋል፤ አንዱ ጌላዳ፣ ሌላው ዋሊ ብሎ ትንሽ አንተባትቦ።

ዛሬ ፓርኩ ውስጥ ቱሪስቱ በደረቱ ተኝቶ፣ የሚያህለውን ካሜራ አንግቶ ጭላዳ ያነሳል። አጃቢው ስካውት ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይጠብቃል። ብርድ ልብስ የተከናነበ በግ ጠባቂ ልጅ ከኋላ ጠጋ ይላል።

«ምን ጠፍቶበት ነው?»

«ጭላዳ እያየ ነው።»

ልጁ ጭላዳዎቹን አያቸው። ትናንት ከገብሱ ማሳ በድንጋይ ያባረራቸው ናቸው።

«ባገሩ የለም?»

«የትም የለም። እኛ ጋ ብቻ ነው።»

ልጁ የተኛውን ሰውዬ በሐዘን ተመለከተውና «አይ ድኽነት!» አለ።

ምንትዋብ ለብሩስ ለማስረዳት ብዙ ደክመዋል፤ ይህ ልጅ በሁለት ቃል ጨረሰው።

ሚኒባሱ ፒያሳ ሲቃረብ እንግዳው ቀለል ብሎታል። ሁሉን ተናግሯልና የቀረው ሚስጥር የለም። ከአዘዞ ጀምሮ የተጠየቀው ይህን ሁሉ ሲሆን እርሱ አንዲት ነገር አለመጠየቁ ትዝ አለውና አፈረ።

«እርስዎስ እማማ፣ ወዴት ነው?»

«ሆስፒታል ነኝ ልጄ። እህቴ ተኝታለች።»

«ይማርልዎ። ምን ሆነው ነው?»

እናትዮዋ ብርቱካን የሞላውን ፌስታል አንስተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንድ እግራቸውን ወደ መሬት አወረዱ። እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቅ ሰው ገርሟቸው ዞር ብለው አዩት።

«ምኑን አውቄው፤ ልጠይቃት እኮ ነው የምሄድ።»